ደመወዝ መያዣ አይደለም

ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። አንዱ ከአስመጪ ድርጅት፣ ሌላዋ ከግል ትምህርት ቤት፣ ሌላው ከሆቴል ይጽፍልኛል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። «መምህር፣ በሥርዓቱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ሥራ ለቀቅኩ። የመጨረሻ ደመወዜን ግን ዛሬ ነገ እያሉኝ ይኸው ሁለት ወር አለፈ። ልተወው እንዴ?»

አትተዉት። ይህን የምጽፈውም «ልተወው እንዴ» የምትለዋ ነገር ስላናደደችኝ ነው። ከሚጠይቁኝ ውስጥ ብዙዎቹ እኔው ሒሳብ መዝገብ ያስተማርኳቸው ናቸው። ያልተከፈለ ደመወዝ በየትኛው ጎን እንደሚመዘገብ ፈተና ላይ አሳምረው የጻፉ ልጆች! ዕዳ ነው ብላችሁ ጽፋችሁ ነበር፤ ሙሉ ማርክም ሰጥቻችኋለሁ። ታዲያ የሌላ ሰው ደመወዝ ሲሆን ዕዳ የነበረው፣ የራሳችሁ ሲሆን በምን ተአምር ችሮታ ሆነ?

እስቲ አካሄዱን እንየው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን ግን ቁጭ ብለን አይተነው አናውቅም።

ሠራተኛው የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስገባል። ሠላሳ ቀኑን ይሠራል፤ እንደውም ብዙ ጊዜ ከወትሮው በላይ ይሠራል፣ ምክንያቱም ሥራውን የሚረከበው ሰው ስለሌለ። በመጨረሻው ቀን አንድ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ክሊራንስ ይባላል። ወረቀቱ ላይ ስምንት ወይም አሥር የፊርማ ቦታ አለ። ንብረት ክፍል፣ አይቲ፣ መጋዘን፣ ገንዘብ ያዥ፣ ቤተ መጻሕፍት (ድርጅቱ ቤተ መጻሕፍት ባይኖረውም ከሌላ መሥሪያ ቤት የተቀዳ ፎርም ስለሆነ ቦታው አለ)፣ የቅርብ አለቃ፣ ሥራ አስኪያጅ። አይቲው ይፈርማል። መጋዘን ይፈርማል። የቅርብ አለቃው ጋ ሲደርስ «እስቲ አስቀምጠው፣ አየዋለሁ» ይባላል። በቃ፣ እዚያ ይቆማል። አለቃው መስክ ወጥቷል፣ ስብሰባ ላይ ነው፣ ኦዲት አለብን፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፣ ማህተሙ የተቆለፈበት ቁልፍ ያለው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ልጁ እግሩ እስኪቀጥን ይመላለሳል። ለታክሲ ያወጣውን ብትደምሩት ከሚጠብቀው ብር ላይ ደህና አድርጎ ቀንሶለታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሽኝቱ ነገር ነው። አንዱ ልጅ እንደነገረኝ ኬክ ቆርጠው፣ «ለድርጅታችን ላደረግኸው አስተዋጽኦ» የሚል የምስጋና ወረቀት በፍሬም ሰጥተው፣ ፎቶ ተነስተው ሸኙት። ደመወዙን ግን ያዙት። ያ ፍሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ልጁ የቤት ኪራይ ከወንድሙ ተበድሮ ከፈለ።

አሁን ወደ ሕጉ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን አዋጁ በአማርኛ የተጻፈ ነው፣ ማንም ማንበብ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 36 የሚለው ግልጽ ነው፦ የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ደመወዝና ከዚያ ጋር የተያያዘ ሌላ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። «በተቻለ ፍጥነት» አይልም። «በጀት ሲገኝ»ም አይልም። ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996ም ይህንኑ ነበር የሚለው።

የሚገባው ክፍያ ሲባል የሠራችሁባቸው ቀናት ደመወዝ ብቻ አይደለም። ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ተቀይሮ ይከፈላችኋል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ካለ እሱም አለበት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። «ራሱ ለሚለቅ ስንብት የለም» ሲባል እንሰማለን፤ ልክ አይደለም። አንድ ሠራተኛ ቢያንስ 5 ዓመት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ ከለቀቀ፣ እና ከሥልጠና ጋር በተያያዘ የማገልገል የውል ግዴታ ከሌለበት፣ ስንብት ይገባዋል። ስሌቱም ከባድ አይደለም። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። በወር 12,000 ብር የሚከፈለው ሰው 6 ዓመት ሠርቶ ከለቀቀ፣ 12,000 እና አምስት ጊዜ 4,000፣ በድምሩ 32,000 ብር ማለት ነው። «ልተወው እንዴ» ስትሉኝ የምትተዉት ይህን ያህል ሊሆን ይችላል።

እዚህ ጋ አሠሪዎች የሚንጠለጠሉባት አንዲት ሐረግ አለች፤ እሷንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ያው አንቀጽ 36፣ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ከዘገየ የመክፈያው ጊዜ ሊራዘም እንደሚችል ይናገራል። ልብ በሉ፦ በራሱ ጥፋት። ላፕቶፑን መልሶ፣ የመኪና ቁልፍ አስረክቦ፣ የተፈረመበት ወረቀት በእጁ የያዘ ሰው ምንም አላዘገየም። የአለቃው ስብሰባ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም። ክሊራንስ የሚባለው ወረቀት ንብረት መመለሱን ለማረጋገጥ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለዚህ ብቻ። ከዚያ አልፎ «ካልፈረምኩልህ አትከፈልም» ወደሚል ሥልጣን ሲለወጥ ግን አንዱ ሰው በሌላው እንጀራ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ክርክር ቢኖር እንኳ መልስ አለው። አሠሪው «3,000 ብር ይጎድልብሃል» ቢል፣ ሠራተኛው «አይጎድልብኝም» ቢል፣ ክርክር ያለው 3,000 ላይ ነው እንጂ በቀረው 20,000 ላይ አይደለም። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 37 ያልተካደውን ገንዘብ በዚያው ጊዜ ውስጥ ክፈል ይላል። ሁሉን ጠቅልሎ መያዝ አይቻልም። አሠሪ ከደመወዝ ላይ እንደፈለገ መቁረጥም አይችልም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ በላይ አይቆረጥም። «የተሰበረው ፕሪንተር በአንተ ጊዜ ነው የተሰበረው» ብሎ ሙሉ ደመወዝ መዋጥ ከየት የመጣ ነው?

ለአሠሪም ልፍረድ፣ ምክንያቱም ሱቅና አነስተኛ ድርጅት ከፍተው የሚሠሩ ወዳጆችና ተማሪዎችም አሉኝ፤ ይህን እያነበቡ «አንተ ደግሞ የኛን ጉድ አታውቅ» እንደሚሉ ይገባኛል። አውቃለሁ። ዓርብ ደመወዝ ተቀብሎ ሰኞ ስልኩን ዘግቶ የሚጠፋ አለ። የድርጅቱን ስልክና ሲም ይዞ የሚሄድ አለ። ደንበኛ ይዞ የሚሄድም አለ። ይህ ያማል፣ ትንሽ ድርጅትን ደግሞ ያቆስላል። ግን ሕጉ ለዚህም መልስ አስቀምጧል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ከሕጉ ውጪ ጥሎ ከሄደ ከ30 ቀን ደመወዙ የማይበልጥ ካሳ ሊከፍል ይችላል፣ ያም ከቀሪ ክፍያው ላይ ሊታሰብ ይችላል። ስለዚህ አጥፍቶ የሄደውን መጠየቂያ መንገድ አለ። የጠፋውን ሰው ንዴት በሥርዓቱ በለቀቀው ላይ መወጣት ግን የድርጅት አሠራር አይደለም፤ ቂም ነው። ውጤቱም ግልጽ ነው። በሥርዓቱ የለቀቀው እንደሚጉላላ ያየ ቀጣዩ ሠራተኛ ደመወዝ በገባ ማግስት ስልኩን ይዘጋል። አሠሪዎች ራሳችሁ ናችሁ ያስተማራችሁት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ይህ ነገር የሚሠራው ለምንድን ነው? ሕጉ ግልጽ ከሆነ ሰው ለምን ዝም ይላል?

የሥራ ልምድ ስለምትባለው ወረቀት ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ይልቅ እሷን ይፈራል። አዲሱ መሥሪያ ቤት «የሥራ ልምድና ክሊራንስ አምጣ» ይለዋል፣ አሮጌው «ነገር ካበዛህ ልምድህን አንጽፍም» ይለዋል። ስለዚህ ያለውን ብር ረስቶ ወረቀቷን ይለማመጣል። ሕጉ ግን የሥራ ልምድ ማስረጃንም የልመና ጉዳይ አላደረገውም። ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ ያለክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። «መልካም ሠራተኛ ነበር» ብሎ ማሞገስ ግዴታ የለበትም፤ ሦስቱን ነገር መጻፍ ግን አለበት።

ስለዚህ የእኔ ወቀሳ ግማሹ ወደ አዲሱ አሠሪ ነው። ይህን ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፣ እኔ ልበለው፦ አዲስ ሠራተኛ ስትቀጥሩ «ከቀድሞ መሥሪያ ቤትህ ክሊራንስ ካላመጣህ አንጀምርም» የምትሉ ድርጅቶች፣ የሰውን አንገት ማሰሪያ ገመድ ለቀድሞው አሠሪ የምታቀብሉት እናንተ ናችሁ። ሰውየው ገንዘብ አጉድሎ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋችሁ ከሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። የመልቀቂያ ደብዳቤውንና የተቀበሉበትን ማህተም ተቀበሉት። የሌላ ድርጅት አለቃ ፊርማ የናንተን ቅጥር ለሁለት ወር ሲያዘገይ የተጎዳው ልጁ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ወንበር ባዶ ነው።

ሌላው ግማሽ ወቀሳ ደግሞ ወደ ራሴ ልጆች ነው። ከእናንተ መካከል ዛሬ ኤችአር የሆናችሁ፣ ፋይናንስ ኃላፊ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ፤ በዓል ሲመጣ ትደውሉልኛላችሁ፣ ደስ ይለኛል። «እኛ ምን እናድርግ፣ ባለቤቱ አትክፈሉ ብሎን ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እሺ። ግን ባለቤቱ 7 የሥራ ቀን የሚለውን አንቀጽ አንብቦታል? ዘግይቶ መክፈል ምን ሊያስከትል እንደሚችል በአንዲት ገጽ ማስታወሻ ጽፋችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣችሁለታል? ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ከክፋት ይልቅ «ማን ይጠይቀኛል» በሚል ነው የሚያደርጉት። የሚጠየቅ መሆኑን መንገር የእናንተ ሥራ ነው፤ ለዚያ ነው ደመወዝ የሚከፈላችሁ። እናንተም አንድ ቀን ትለቃላችሁ።

እኔንም አንድ ጊዜ ገጥሞኛል። በ2008 ዓ.ም. ከአንድ የግል ኮሌጅ ስለቅ (ስሙ ይቅር) የመጨረሻ ወር ደመወዜንና የማታ ክፍለ ጊዜ ክፍያዬን ያዙብኝ። ምክንያቱ «ግሬድ አላስገባህም» የሚል ነበር። ግሬዱን ያስገባሁት ሬጅስትራር ፈርማ በተቀበለችበት ቅጽ ነው፤ ኮፒው ቤቴ አለ። ሦስት ጊዜ በአካል ሄድኩ፣ ሦስት ጊዜ ሻይ ጋበዙኝ። በአራተኛው ሻዩን ትቼ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩና መዝገብ ቤት አስገባሁ። ገቢ ቁጥር ተሰጠኝ፣ በእኔ ኮፒ ላይ ማህተም አስመታሁ። በዘጠነኛው ቀን ብሩ ባንክ ገባ። ደብዳቤው ላይ ምንም ጀግንነት አልነበረም፤ ሬጅስትራሯ የፈረመችበትን ቅጽ አያይዤ አንቀጽ 36ን ጠቅሼ ነው። ልዩነቱ ቃል በአየር ላይ ይቀራል፣ ገቢ ቁጥር ያለው ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ፋይሉን ደግሞ ነገ ዳኛ ሊያየው ይችላል።

አሁን ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ነገር፦ ይርጋ። ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ጥቅምት 30 የለቀቀ ሰው ሚያዝያ 30 ላይ ጊዜው ያበቃል ማለት ነው። «ዛሬ ነገ» የሚለው ነገር ለምን እንደሚጣፍጣቸው አሁን ገባችሁ? አንዳንዱ በእውነት ገንዘብ አጥሮት ነው፤ አንዳንዱ ግን ቀን እየቆጠረ ነው። በየወሩ «የሚቀጥለው ወር» እያለ በፈገግታ ሰባተኛው ወር ላይ ያደርሳችኋል፣ ከዚያ በኋላ ፈገግታውም ይቀራል። ስልክ መደወል ይርጋ አያቆምም። ሽማግሌ መላክም አያቆምም። ስለዚህ ከሁለትና ሦስት ወር በላይ አትጠብቁ፤ ሽምግልናው ጎን ለጎን ይቀጥል፣ ክሱ ግን ይግባ።

ክስ ስትሉ ደግሞ ፊታችሁ እንደሚጨማደድ አውቃለሁ። ግን የሥራ ክርክር እንደ መሬት ክርክር አይደለም። የዳኝነት ክፍያ የለውም። በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው የሚታየው፣ አዋጁም ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል። በተግባር ቀጠሮ ሊረዝም ይችላል፣ አልዋሻችሁም፤ ቢሆንም ዓመታት የሚፈጅ ነገር አይደለም። ጠበቃ የግድ አይደለም። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፣ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። ከዚያ በፊት የሥራና ክህሎት ቢሮ ሄዳችሁ ብታመለክቱም አንዳንዱ አሠሪ ከቢሮው ስልክ ሲደወልለት ብቻ ቼኩን ይጽፋል።

ክስ ስታቀርቡ አንቀጽ 38ን እንዳትረሱ። አሠሪው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር በጊዜው ባለመክፈሉ ፍርድ ቤቱ ለሠራተኛው እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ይህን በአቤቱታችሁ ላይ በግልጽ ጠይቁ፤ ያልጠየቃችሁትን ማንም አይሰጣችሁም። እዚህ ላይ በሕጉ ላይ ያለኝን ቅሬታም ልናገር። «ሊያዝ ይችላል» እና «እስከ» የሚሉት ቃላት አይዋጡልኝም። ቅጣቱ በራሱ ጊዜ የሚቆጥር ቢሆን፣ ማለትም ከሰባተኛው ቀን በኋላ ለዘገየው ለእያንዳንዱ ሳምንት ይህን ያህል ተብሎ ቢቀመጥ፣ ይህ ሁሉ ክሊራንስ በአንድ ከሰዓት ተፈርሞ ባለቀ ነበር። ባንክ ብድር ያዘገየ ሰው ላይ ወለድ ለመቁጠር ዳኛ አይጠብቅም። የሠራተኛ ገንዘብ ለምን ይጠብቃል?

ሁለት ማሳሰቢያ። ይህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፣ የሥራ መሪ የሚባሉትንም አይመለከትም። ግን አሠሪ «አንተ ማናጀር ነበርክ» ስላለ ብቻ የሥራ መሪ አትሆኑም፤ የሚታየው በእርግጥ ሰው የመቅጠር፣ የማባረር፣ ፖሊሲ የማውጣት ዓይነት ሥልጣን ነበራችሁ ወይ የሚለው ነው። የሽያጭ ሠራተኛን ሁሉ «ሴልስ ማናጀር» በሚሉበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌላው፣ ደመወዛችሁን ስትጠይቁ ጡረታችሁንም አብራችሁ አጣሩ። ከእናንተ 7 በመቶ እየተቆረጠ፣ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት ነበረበት። የተቆረጠው ሁሉ ገብቷል ብላችሁ አትመኑ፤ ሄዳችሁ እዩ።

«ከሰው ጋር መጣላት አልፈልግም» የምትሉትን በተመለከተ፣ ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፣ ከሁለቱም ወገን ሲሆን። የላባችሁን የያዘ ሰው ይሉኝታ ካልያዘው እናንተን ምን አሳፈራችሁ? ስድብ አያስፈልግም፣ ፌስቡክ ላይ ስም ማጥፋት አያስፈልግም (እባካችሁ አታድርጉት፣ ራሳችሁን ተከሳሽ ያደርጋችኋል)። ደብዳቤ ግን ስድብ አይደለም።

ናሙና ላክልን ላላችሁኝ፣ ይኸው። የራሳችሁን ቀንና ቁጥር አስገቡበት፦

«ለ... ድርጅት የሰው ሀብት አስተዳደር። ከ... ቀን ጀምሮ በድርጅቱ በ... የሥራ መደብ ሳገለግል ቆይቼ በ... ቀን በጻፍኩት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መሠረት ሥራዬን በ... ቀን ለቅቄያለሁ። በእጄ የነበረውን ንብረት ማስረከቤን የሚያሳየውን ቅጽ አያይዣለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 36 መሠረት በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለኝ ይገባ የነበረው የ... ወር ደመወዝ፣ ያልተጠቀምኩበት የ... ቀን የዓመት ፈቃድ ክፍያ እና የሥራ ስንብት ክፍያ እስካሁን አልተከፈለኝም። እንዲሁም የሥራ ልምድ ማስረጃ አልተሰጠኝም። ክፍያውና ማስረጃው ይህ ደብዳቤ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጠኝ እየጠየቅሁ፣ ይህ ካልሆነ ግን በአንቀጽ 38 የተመለከተውን ጨምሬ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት የማቀርብ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።»

ሁለት ኮፒ አትሙ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ ቀንና ማህተም አስመቱ። «ማህተም የለም» ካሏችሁ ተቀባዩ ስሙን ጽፎ ይፈርም። እሱም እምቢ ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩት፤ የፖስታ ቤቷ ደረሰኝ ትበቃለች። ስንብቱ የሚመለከታችሁ 5 ዓመት የሞላችሁ ከሆነ ብቻ ነው፤ ካልሞላችሁ ያንን መስመር አውጡት።